ሰኔ ላይ የበረደው የሬሳ መኪና

ኦኮ ፍሬሪክስ የሬሳ መኪናውን ቴዳ ኦልትማንስ ጋራዥ በር ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ማጥፋቱን ፈርቶ ነው። ከኮፈኑ ስር ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር ሊነሳ እንደተንደረደረ አውሮፕላን ይጮኻል፤ ከኋላ የሚትጎለጎለው ጥቁር ጭስ ደግሞ ገመድ ላይ የተሰጣውን የቴዳን ነጭ አንሶላ ይቀባዋል።

ቴዳ የሻይ ሲኒዋን እንደያዘች ከውስጥ ወጣች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ክንደ ወፍራም፣ ከአባቷ የወረሰችውን ጋራዥ ከባሕሩ ግድብ ስር ብቻዋን የምታሠራ ሴት። ረፋድ ላይ ሦስት ሲኒ ሻይ ሳትጠጣ መፍቻ እንደማትነካ አገሩ ሁሉ ያውቃል። አሁን ገና ሁለተኛው ላይ ነች።

"አጥፋው!" ብላ ጮኸች።

"ካጠፋሁት አይነሳም" አለ ኦኮ።

ያለውን አልሰማችም። ኦኮ ቀብር አስፈጻሚ ነው፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሐዘንተኛ ሲያጽናና ኖሮ ድምፁ እዚያው ቀርቷል። ዳቦ ሲገዛ እንኳ በሹክሹክታ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ዳቦውን የሚያጽናና ይመስላል።

"ምን አልክ?"

"አይነሳም!"

"ታዲያ የት የመጣህ መሰለህ? አበባ ቤት?"

ኦኮ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ማሽከርከር ጀመረ። ዓይኗን ለማየት አፍሯል። ከሁለት ዓመት በፊት ደህና ሁኚ እንኳን ሳይላት ከተማ ወዳለው ትልቅ ጋራዥ ዞሯል፤ እዚያ ደንበኛ የሚቀመጥበት የቆዳ ወንበር፣ ቡና የሚቀዳ ማሽን፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሚቀበል ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ቤት ውስጥ ቴዳን ባየ ቁጥር ከመደርደሪያው ኋላ ይደበቃል። ቁመቱ ሁለት ሜትር ስለሆነ ከደረቱ በላይ ያለው አይደበቅለትም።

"የቆዳው ወንበር ተቀደደ እንዴ?" አለችው።

"ቴዳ፣ እባክሽ።"

"አይ፣ አስቤልህ ነው። በዚህ ዕድሜህ ቆመህ መጠበቅ ይከብድሃል።"

"የሙቀት ሴንሰሩን ሦስት ጊዜ ቀየሩት። ሦስት ጊዜ! ኮምፒዩተራቸው 'የሙቀት ሴንሰር' ይላል፣ እነሱ ይቀይራሉ፤ እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ቀብር እዋረዳለሁ።"

ውርደቱን ቴዳም ሰምታለች። የሽማግሌው የሂንሪክ ኡበን ቀብር ዕለት መኪናው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደዚሁ ጮኾ ፓስተሩን አስቆማቸው። ኦኮ ደንግጦ አጠፋው። ከዚያ ሬሳውን ጭነው ወደ መቃብሩ ሊሄዱ ሲሉ አልነሳ አለ። ሣጥኑን የተሸከሙት ስድስት ሰዎች መኪናውን ገፉት፤ ሲነሳም ጥሩንባ ነፊዎቹን በጥላሸት አለበሳቸው። የሂንሪክ ሚስት በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የታየችው ያን ቀን ነው ይባላል።

ቴዳ ሦስተኛውን ሲኒ ቀድታ ስኳሯን ጨመረች። "መቼ መቼ ነው የሚያመው?"

ኦኮ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። "ሬሳ ሲኖርበት።"

"እንዴት?"

"ባዶውን ስነዳው ምንም የለበትም። ጋራዥ ስወስደው ምንም የለበትም። ሬሳ ሲገባበት ይጀምረዋል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም ቴዳ።"

"ግን ታምናለህ።"

"ትንሽ።"

ቴዳ ሻይዋን ወደ አፏ እያስጠጋች መኪናውን አየችው፤ ከዚያ ሲኒው አየር ላይ ቀረ። "አሁን ጀምሮታል። ታዲያ ኋላ ማን አለ?"

ኦኮ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ኦኮ፣ ማንን ይዘህ ነው የመጣኸው?"

"ከሆስፒታል እየወሰድኩት ነበር፤ ለዓርብ ቀብር። ወደ ጸሎት ቤቱ ላደርሰው ስል የቦዩ ድልድይ ለጀልባዎች ተከፈተና ሃያ አምስት ደቂቃ አቆሙኝ። እዚያ ጀመረው። ከአንቺ ጋራዥ ሌላ ቅርብ የለም። ወዴት ልሂድ?"

"ማን ነው አልኩህ?"

"ኤንኖ።"

ኤንኖ የቴዳ ባል ነበር። አሥራ አራት ዓመት አብረው ኖረው አንድ ማክሰኞ ቀን ሌላ ሴት ወድጃለሁ ብሎ ሄደ፤ ሲሄድም የቴዳን ምርጥ መፍቻ በስህተት ይሁን በተንኮል ይዞት ሄዷል። ይሄ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሴትዮዋ ጋር አልሰመረለትም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ መንደሩ ተመልሶ ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራየ። ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ወደ ሥራው ሲያልፍ ጋራዡ ጋ ሲደርስ ደወሉን አንዴ ቅጭል ያደርጋል እንጂ ቆሞ አያውቅም። ቴዳም ከሥራዋ ቀና ብላ አታውቅም። ሰዓቷን ግን በእሱ ደወል ነበር የምትሞላው።

ሆስፒታል ሰንብቶ መሞቱን ሰምታለች፤ በሯ ድረስ ይመጣል ግን አላለችም። ሲኒውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ወደ መኪናው ኋላ ሄደች። በመስታወቱ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ሣጥን ይታያል። መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች።

"ሞይን ኤንኖ" አለች በአገሩ ሰላምታ። "አንሶላዬን እኮ አበላሸኸው።"

"ቴዳ!" ኦኮ በድንጋጤ ድምፁ ወጣለት።

ያኔ ቬንትሌተሩ በራሱ ጊዜ ጸጥ አለ። ጭሱም ቆመ። ሁለቱ ተያዩ። ከግድቡ ማዶ የሚመጣው የባሕር ነፋስ በራዲያተሩ ፍርግርግ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል።

"አየሽ?" አለ ኦኮ። "ስታናግሪው ተወው!"

"ዝም በል እስቲ።"

ኮምፒዩተር ማንበቢያዋን አምጥታ ከመሪው ስር ሰካችና ሳቀች። "ና እይ። መኪናህ ቅድም ሲጮህ የጻፈውን እይ። ከዜሮ በታች አርባ።"

"ምኑ?"

"የሞተሩ ሙቀት። ሰኔ ላይ፣ በዚህ ሐሩር ላሞቹ ጥላ ፍለጋ ሲጋፉ፣ ይሄ ሞተር ሳይቤሪያ ነው ያለው። ቤንዚን እንደ ጉድ የሚጠጣው፣ የሚያጨሰው፣ ሲሞቅ አልነሳ የሚለው ለዚህ ነው። በረዶ ሆኛለሁ ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ካንዴላዎቹን ያሰጥማቸዋል። ቬንትሌተሩን ደግሞ ኮምፒዩተሩ የያዘው ቁጥር አላምር ሲለው ለማንኛውም ብሎ ይለቀዋል።"

ኮፈኑን ከፍታ የሴንሰሩን ስፒና ነቀለች። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ማንበቢያው ወዲያው ከዜሮ በታች አርባ አለ፤ ሽቦ ሲቋረጥ ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው መልስ ይሄ ነው። ከዚያ ከኪሷ የወረቀት ማያያዣ አውጥታ የስፒናውን ሁለት ጫፎች አገናኘቻቸው። ቁጥሩ ወደ መቶ አርባ ተተኮሰ። ቴስተሯን ደግሞ ራሱ ሴንሰሩ ላይ ደግና ለካችው፤ ሞተሩ ለሚያወጣው ሙቀት የሚገባው ሁለት መቶ አርባ ኦም ነው፣ እሱንም አነበበ።

"ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሦስቱም ጤነኞች ነበሩ፤ አፈር ይብላቸውና። ሽቦውም አሁን ጤነኛ ነው። ክፋቱ አሁን መሆኑ ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ሐኪም ሲያይ ሳሉ የሚጠፋለት ሰው ታውቅ የለ? ያመመው ሰዓት ላይ መያዝ አለብን። ሬሳ ጭነህ በስንት ነው የምትነዳው?"

"በቀብር ላይ? በእግረኛ ልክ። ሐዘንተኛው ከኋላ በእግሩ ይከተላል።"

"ባዶውንስ?"

"እንደ ሰው። ሰማንያ፣ ዘጠና።"

ቴዳ የቱታዋን ኪስ በቴስተርና በሽቦ ትሞላ ጀመር። "ባዶውን ስትሮጥ ነፋስ ይመታዋል፣ ኮፈኑ ስር ቀዝቃዛ ነው። ሬሳ ስትጭን ትንፏቀቃለህ፣ ከስር ይቀቀላል። ድልድዩ ላይ ቆመህም ተቀቀለ፣ እኔ ግቢ ነፋስ ሲያገኝ ዳነ። አንድ ቦታ ሲሞቅ የሚለያይ ሽቦ አለ። ሬሳዎቹን ለቀቅ አድርጋቸው፤ የቻሉትን ያህል ዝም ብለዋል። ግባ፣ እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ወደ ጸሎት ቤቱ ነዋ፣ በቀብር ልክ። አራት ኪሎ ሜትር ይበቃዋል።"

"ኤንኖን ይዘን?"

"እዚህ አውርደህ ከጎማዎቹ ጋር ልትደረድረው ነው?"

ኦኮ ጥቁር ልብሱን አስተካክሎ ገባ። ቴዳ በግራሳም ቱታዋ ከጎኑ ተቀምጣ ማንበቢያውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። በግድቡ ጥግ፣ በቀዩ ጡብ መንገድ፣ ዳክዬ ሊቀድማቸው በሚችል ፍጥነት መንደሩ ውስጥ ገቡ።

"ሰማንያ ስምንት" አለች ቴዳ።

ፎልከርት የሚባለው ገበሬ ከፊት ለፊት በትራክተር ሲመጣ አያቸው፤ ጥጉን ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቆቡን አወለቀ። ቴዳ እጇን አውለበለበችለት። ፎልከርት ግራ ገብቶት ቆቡን መልሶ አደረገ፣ ከዚያ እንደገና አወለቀ።

"አታውለብልቢ!" አለ ኦኮ በጥርሱ መሃል።

"ዘጠና አንድ። ትንሽ ቀስ በል።"

"ከዚህ በታች ማርሽ የለውም።"

ሥጋ ቤቱ ጋ ሲደርሱ አሮጊቷ አንትየ ከብስክሌታቸው ወረዱና በተከፈተው መስኮት ጎን ይራመዱ ጀመር። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሦስት ባል ቀብረዋል፤ ከመኪናው እኩል ለመሄድ ምንም አልቸገራቸውም።

"ማነው ልጄ?"

"ኤንኖ ነው፣ እትዬ አንትየ።"

"እግዜር ያጥናሽ። እኔ እኮ ዓርብ መስሎኝ! ጸጉሬንም አልተሠራሁ።"

"ዓርብ ነው። ይሄ ልምምድ ነው።"

"በእኛ ጊዜ ልምምድ አልነበረም" አሉ አንትየ። ቢሆንም ብስክሌታቸውን እየገፉ ከኋላ ገቡ። ሰው ሲከተል ያየ ሰው ደግሞ መከተሉ አይቀርም፤ ፖስታ አዳዩ ከነቦርሳው ተሰለፈ፣ ፎልከርት ትራክተሩን ትቶ መጣ፣ ባሕር ሊያዩ ከደቡብ የመጡ አራት ብስክሌተኛ ቱሪስቶችም የአገሩ ባህል መስሏቸው የራስ ቁራቸውን አውልቀው ከኋላ ተቀላቀሉ። ቴዳ በጎን መስታወት ቆጠረቻቸው። ከየበሩ የወጡ ሌሎችም ተጨምረው አሥራ አንድ ደርሰዋል።

"ይሄ ሥርዓት አይደለም" አለ ኦኮ። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። "ሰላሳ ዓመት የገነባሁትን ስም..."

"ዘጠና አራት። ስምህ የት ይሄዳል?" ወደ ኋላ ዞር ብላ ሣጥኑን አየችው። "ኤንኖ፣ ሰው መጥቶልሃል። እኔ ማንም የሚመጣልህ አልመሰለኝም ነበር።"

ሣጥኑ በጡቡ መንገድ ላይ ቀስ እያለ ይነቃነቃል። ቴዳ ልትቀልድ አፏን ከፍታ ነበር፤ የመጣላት ግን ሌላ ሆነ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ደወልህን ስላልሰማሁ ሁለት ጊዜ አርፍጄ ተነሳሁ" አለችው። ከዚያ አፍራ ወደ ፊት ዞረች። ኦኮ ሥራው ነውና ምንም እንዳልሰማ ሆነ።

"ዘጠና ሰባት" አለች ማንበቢያውን እያየች። "ዘጠና ሰባት። ዘጠና... በቃ! ሄደ!"

ማንበቢያው ላይ ከዜሮ በታች አርባ በራ። ቬንትሌተሩ አጓራ። ጥቁሩ ጭስ ከኋላ ሲፈነዳ ቱሪስቶቹ እየሳሉ ተበተኑ፤ ፖስታ አዳዩ ፊቱን በደብዳቤ ሸፈነ።

"ቁም! እንዳታጠፋው! ካጠፋኸው በመፍቻ ነው የምመታህ!"

መንገዱ መሃል ቆሙ። ቴዳ ዘላ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች፤ የፈላ አየር ፊቷን መታው። የቱታዋን እጅጌ እንደ ጨርቅ ይዛ የሴንሰሩን ስፒና ነቀለች። ሐዘንተኛው ሁሉ ቆቡን በእጁ እንደያዘ ዙሪያዋን ከበባት።

"አንተ" አለች ፖስታ አዳዩን፣ "ይሄን የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዝልኝ። ሳትነቃነቅ።"

የቴስተሩን ቀይ ጫፍ የስፒናው አንደኛ ጉድጓድ ውስጥ ሰካች። አምስት ቮልት። "የሚመጣው መጥቷል" አለች። ከዚያ ጥቁሩን ከፖስታ አዳዩ እጅ ወስዳ በስፒናው ሁለተኛ ጉድጓድ ሰካችው። ዜሮ። "ሃ! የሚሄደው አለ፣ የሚመለሰው ነው የጠፋው።"

"እንደ ኤንኖ" አሉ አንትየ።

ፎልከርት ሳቁን ሊውጥ ሲል ታነቀ።

"ኤንኖ እኮ ተመልሷል፣ እትዬ" አለች ቴዳ ቀና ሳትል።

"ዳቦ ቤቱ ላይ ነው የተመለሰው። ያ መመለስ ይባላል እንዴ?"

"እባካችሁ!" አለ ኦኮ። "ሟቹ ይሰማል!"

"ይስማ" አሉ አንትየ። "በቁሙም መስማት ነበረበት።"

ቴዳ ስፒናውን መልሳ ሰክታ ከኪሷ አንድ ክንድ የሚሆን ሽቦ አወጣች። አንዱን ጫፍ ከስፒናው ጀርባ መመለሻው ሽቦ ላይ ሰክታ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ነካችው። ቬንትሌተሩ ጸጥ አለ። ጭሱ ሳሳ። ኦኮ በመስኮቱ ራሱን አውጥቶ ቁጥሩን ጮኾ አነበበ፤ ድምፁን ሥጋ ቤቱ ድረስ ሰሙት፤ "ዘጠና ስምንት! ቴዳ፣ ዘጠና ስምንት!"

አሁን ሞተሩን እንዲያጠፋ ፈቀደችለት። የቀረው ፍለጋ ነው። መመለሻውን ሽቦ በጣቷ እየዳሰሰች ከሞተሩ ጀርባ፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ እስከሚያልፍበት ድረስ ተከተለችው። እዚያ የላስቲክ መከለያው ላይ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች አገኘች። መከለያውን በካራ ስትሰነጥቀው ሽቦው ተነክሶ፣ በባሕሩ ጨው አረንጓዴ ሆኖ፣ በሁለት ክር ተንጠልጥሏል።

"ሸለምጥማጥ" አለች።

"የት?" ቱሪስቶቹ አፈገፈጉ።

"በብርዱ ወራት ሞተሩ ሙቅ ስለሆነ እዚህ ተኝቶ፣ ሲነቃ ቁርስ የበላ ሸለምጥማጥ ነው። ሲቀዘቅዝ ክሮቹ ይነካካሉ፣ ሲግል ላስቲኩ ይለጠጥና ይለያያሉ። ኦኮ፣ መኪናህን የት ነው የምታሳድረው?"

"ሣጥን መጋዘኑ ውስጥ።"

"ጣራው ላይ ተከራይ አለህ።"

የተበላውን ቆርጣ ጥላ አዲስ ቁራጭ አስገባችና በጋዝ በሚሠራ ትንሽ መበየጃዋ በየደችው፤ አንትየ ጥላቸውን ዘርግተው ነፋሱን ከለከሉላት። በናስትሮ ጠቅልላ፣ ከጭስ ማውጫው አርቃ አሰረችው።

"አስነሳው።"

ኦኮ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ዓይኑን ጨፈነ። በአንዴ ተነሳ። ቱሪስቶቹ አጨበጨቡ፤ ፎልከርት ጎሽ አለ። ኦኮ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሥራው ትዝ ብሎት ፊቱን መልሶ አከበደ። "ሬሳዎቹ አይደሉም ማለት ነው?" አላት ቀስ ብሎ፤ ትንሽ ቅር ያለውም ይመስላል።

"ሸለምጥማጥ አነሰህ?"

ሰዉ እዚህ ድረስ መጥቶ መመለሱን አልፈለገም። እስከ ጸሎት ቤቱ ተከተለ። ፓስተር ሬምት ድምፅ ሰምተው በእጃቸው ግማሽ የተበላ ዓሣ በዳቦ ይዘው ወጡ፤ ሕዝቡን ሲያዩ ዓሣውን ከኋላቸው ደበቁት።

"ዛሬ ነው እንዴ?"

"አይደለም ፓስተር፣ አይጨነቁ" አለች ቴዳ። "ሴንሰር ሊያዩ ነው የመጡት።"

ፓስተሩ ግን ሰው ከተሰበሰበ ብለው አጭር ጸሎት አደረጉ። ቴዳ በጥላሸት እጇን አጣምራ ቆማ ሰማች።

ዓርብ ዕለት ዘነበ። ወደ ትክክለኛው ቀብር የመጡት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ረቡዕ ሸኝተነዋል ብለው በየሥራቸው ቀሩ። አንትየ መጡ፤ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ቴዳ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ሦስት አካፋ አፈር ጣለች፤ ከዚያ ከቀብር መልስ በቀረበው ሻይ ላይ ሁለት ቁራጭ የቅቤ ኬክ በላች። ደህና ነበረች፤ አንድም እንባ አልወጣትም። መኪናው ዝናቡ ውስጥ ሞተሩን እያሠራ ሲጠብቅ አላጉረመረመም። ኦኮም ከሁሉም ሰው ፊት ጨብጧት ድምፁን ከፍ አድርጎ አመሰገናት፤ ለኦኮ ይሄ ዋይታ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ጋራዡን ከፍታ እጇን በአሸዋማው ሳሙና ስትታጠብ እንባዋ ድንገት መጣ። የቧንቧው ውሃ እየፈሰሰ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ሳግዋ ገና ሳይበርድ ፎልከርት የሳር ማጨጃውን እየጎተተ በር ላይ ደረሰ፤ ባያት ጊዜ መሄድም መቆምም አቃተው።

"ምን ሆነሽ ነው ቴዳ?"

"ባሌ ሞቶ ነው።"

"እንዴ! ከተለያያችሁ እኮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናችሁ።"

"ወሬው አሁን ነው የደረሰኝ" አለች፤ ፊቷን በቱታዋ እጅጌ ጠረገች። "አምጣው እስቲ። ምኑን ነው የሚያመው?"

"ይነሳና ይጠፋል።"

"ቤንዚን አድርገህበታል?"

ፎልከርት አሰበ። "እሱን ቆይ አያለሁ" አለና ማጨጃውን አዙሮ ወደ ዝናቡ ጎተተው።